የኅዳር ዝናብ በእርግጥ ለገበሬው ጥሩ ነው?

ኅዳር ውስጥ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። አምባሳደር ጋ ስንደርስ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ዝናቡ ጣራውን ይደበድበው ጀመር። መስኮት የሚዘጋው ዘጋ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት፣ «ይዝነብ ይዝነብ፣ ለገበሬው ጥሩ ነው» አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ጋቢ የለበሱ አባት፣ «የኔ ልጅ፣ የገበሬው እህል እኮ አሁን ያለው አውድማ ላይ ነው» አሉ። ማንም መልስ አልሰጠም። ረዳቱ «ሒሳብ!» ብሎ ጨዋታውን ቆረጠው።

የሴትየዋ አባባል የኛ የከተሜዎች ሁሉ አባባል ነው። ዝናብ ከመጣ ጥሩ፣ ከቀረ መጥፎ። የበጋ ትንበያ በዜና ሲነገርም በዚሁ ጆሮ ነው የምንሰማው። በጋ ግን ዝናብ የቀረበት ወቅት ብቻ አይደለም። የራሱ ሰማይ፣ የራሱ ነፋስ፣ የራሱ ብርድ አለው። አንዱ ሰብል የሚለምነውን ሌላው ሰብል ይሸሸዋል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከገባን፣ የሽንኩርቱና የጤፉ ዋጋ ለምን እንደሚዋዥቅም በከፊል ይገባናል።

ለመሆኑ በጋ መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ወቅቶቹ አራት ናቸው። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። በጋ ከዚያ ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 ይዘልቃል። በዚህኛው ከሄድን ኅዳር ገና መጸው ነው፤ የአበባና የመኸር ጊዜ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ እዚህ የምጠቀመው በዜና የምንሰማውን የሦስቱን ክፍፍል ነው።

ሌላ ግራ መጋባትም አለ። ትምህርት ቤት «ሰመር ማለት በጋ፣ ዊንተር ማለት ክረምት» ተብለን ተምረናል። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሐምሌ ደውሎ «እዚህ በጋ ነው፣ ሙቀቱ አይቻልም» ይላል። እኛ በዚያው ሐምሌ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ እንረግጣለን። የእነሱ ወቅት የሚለየው በሙቀትና በብርድ ነው። በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ያለው የሐሩር ክልል ወቅት ግን የሚለየው በዝናብ ነው። ስለዚህ በጋ ማለት ሞቃት ወቅት ማለት አይደለም፤ ደረቅ ወቅት ማለት ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ በጣም የሚበርዳት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው። መሐል በጋ ላይ!

ዝናቡ የት ሄደ?

ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከላዩ ያለው አየር ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። የያዘው እንፋሎት ጠብታ ይሆናል፤ ደመና ይሠራል፤ ይዘንባል። የድስት ክዳን ሲነሳ የሚንጠባጠበውን ውኃ ማሰብ ይበቃል። አየሩ ለቆ በወጣው ቦታ ደግሞ ከሰሜንም ከደቡብም ነፋስ ይገባል። ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙበት መስመር ዓለምን ዙሪያዋን ይከባል። ባለሙያዎቹ ረጅም ስም አውጥተውለታል። እኔ የዝናብ መቀነት እለዋለሁ፤ ምድር ወገቧ ላይ የታጠቀችው መቀነት።

መቀነቱ ግን አንድ ቦታ ታስሮ አይቀመጥም። ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ እኛን እርጥቡ አየር ውስጥ ይከተናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በነዚህ ሁለት ወራት ነው። ታኅሣሥ ላይ መቀነቱ ወደ ዛምቢያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ ይወርዳል። እኛ መኸራችንን ስንሰበስብ እነሱ በቆሏቸውን ይዘራሉ። ወደኛ የሚነፍሰው ያኔ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብና ከእስያ ምድር የሚመጣ ነፋስ ነው። ብዙውን መንገዱን በየብስ ላይ ስለሚመጣ ውኃ አልያዘም። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ዝናብ በጥቂት ሚሊሜትር የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይረሳል። መቀነቱ ወደ ደቡብ ሲወርድ በመንገዱ ቦረናንና የሶማሌ ክልልን ያገኛል። እነሱ ዘንድ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ዝናብ ይጠበቃል። ቦረናዎቹ ሀገያ ይሉታል፣ ሶማሌዎቹ ዴር። «በጋ ዝናብ የለውም» የሚለው ለአራት ኪሎ እንጂ ለያቤሎ አይሠራም። ለአርብቶ አደሩ የበጋው ዝናብ ከቀረ ሣርም፣ ኩሬም፣ ከብትም ይቀራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እዚያ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብቱ እንዴት እንዳለቀ እናስታውሳለን።

ታዲያ አምባሳደር ጋ የያዘን ዝናብ ከየት መጣ? አንዳንዴ ከሰሜን በኩል ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ ወደኛ ይወርዳል። ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በኩል እርጥብ አየር ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለሁለት ለሦስት ቀን ይደመናል፣ ይዘንባል፣ ከዚያ ይጠራል። ይህ ነው «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» የሚባለው።

ቀን እያቃጠለ ሌሊት ለምን ይበርዳል?

በጋ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላው ይበርዳል። ስታዲየም አካባቢ ከፀሐይ ወደ ሕንጻ ጥላ አንድ እርምጃ ሲገቡ ሹራብ ያምራል። በከፍታችን ምክንያት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። በግርድፉ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ፀሐዩ ቆዳችንን ያገኘዋል፤ አየሩን ግን ብዙም አያሞቀውም።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትተፋለች። ደመና ካለ ሙቀቱን ይዞ ይመልሰዋል። ደመና የምድር ጋቢ ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበትም በበኩሉ እንደ ነጠላ ያገለግላል። ክረምት ላይ ምድር ጋቢዋን ተከናንባ ታድራለች። በጋ ላይ ጋቢውም ነጠላውም የለም። ኮከቡ ፍንትው ብሎ በሚታይበት ሌሊት ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል። ብርዱ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሙቀቱ ሲፈስ አድሯልና።

ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጉድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ከላዩ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጥምበታል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ኅዳር 12 ማለዳ እንጦጦ ይውጣ። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ የምናቃጥልበት ቀን ነው። (ማቃጠሉ ይቅር የሚለው ምክር በየዓመቱ ይነገራል፤ ጭሱም በየዓመቱ ይጨሳል።) የዚያን ቀን ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም። ክዳኑ ስር ተዘርግቶ ከተማዋን እንደ ሰማያዊ አንሶላ ይሸፍናታል። ቀዝቃዛው አየር የተኛበትን ቦታ ጭሱ እየሣለ ያሳየናል ማለት ነው።

መሐል ከተማ እንኳ ትንሽ ይሻላል። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣሩ ነጭ ለብሶ ሲያድር ፒያሳ ላይ ምንም የለም። ያ ነጭ ነገር አመዳይ ነው። ብርዱ ሰብሉን ሲመታው ደግሞ ውርጭ መታው ይባላል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ በዚህ ይታወቃሉ።

ውርጭ እንዴት ይገድላል? ቅጠል ውኃ በሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሠራ ነው። በረዶው ብዙውን ጊዜ ከከረጢቶቹ ውጪ ይጀምርና ውኃቸውን እየሳበ ያደርቃቸዋል፤ ሽፋናቸውም ይጎዳል። ጠዋት ሲታይ ቅጠሉ ደህና ይመስላል። ፀሐይ ስታገኘው ግን እንደተቀቀለ ጎመን ይልማል፣ ይጠቁራል። ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም እጅ ለመስጠት ይቀድማሉ። ዘግይቶ የተዘራና አበባ ላይ ያለ ባቄላ ወይም ምስርም አይተርፍም።

ዜና ላይ «ዝቅተኛው 4 ዲግሪ» ሲባል ታዲያ ዜሮ አልደረሰም ብሎ መጽናናት አይቻልም። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሰው ደረት ቁመት ገደማ ነው። በጠራ ሌሊት መሬቱ ላይ ያለው ቅጠል ከዚያ በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የቆየ ገበሬ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ብርድ የማይችለውን ሰብል ከሸለቆው ወለል አውጥቶ ተዳፋቱ ላይ ያደርገዋል። ውኃ ያለው ደግሞ ምሽት ሳይደርስ ማሳውን ያጠጣል። እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይይዝና ሌሊት ይለቀዋል። ጭስ ማጨስም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሚረዳው እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1975 ብራዚል ፓራና ውስጥ (እዚያ ሐምሌ ደረቁና ቀዝቃዛው ወቅት ነው) አንድ ከባድ ውርጭ የግዛቲቱን የቡና ተክል አመድ አደረገው። የቡና ዋጋ በዓለም ዙሪያ ናረ።

ደረቅ አየር ተክሉን ምን ያደርገዋል?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። ነሐሴ ላይ የታጠበ ጂንስ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይሸታል። ጥር ላይ ጠዋት የተሰጣው ከምሳ በፊት ይደርቃል። ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን አየሩ ራሱ ተጠምቷል። ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይመጥጣል።

ቅጠል ለዚህ አየር የተሰጣ እርጥብ ጨርቅ ነው። ልዩነቱ፣ ቅጠል በር አለው። በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር የሚያስገባው በነዚህ ነው። ሲከፍታቸው ግን ውኃው ይወጣል። ሌባ የፈራ ባለ ሱቅ በሩን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ደንበኛም አይገባም። ተክሉም እንዲሁ ነው። ከዘጋ ውኃውን ያተርፋል፤ ግን ጾሙን ይውላል። አንድ ሁለት ቀን አይጎዳውም። ለሳምንታት ከሆነ ግን አያድግም፣ ፍሬው ይቀጭጫል።

ስንት ውኃ ነው የሚወጣው? ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊሜትር ውኃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ 1 ሊትር ነው። በደረቅ ቀን ከአንድ የጎመን መደብ 4 ሚሊሜትር ገደማ ቢተን፣ 10 ካሬ ሜትር የሆነች የጓሮ መደብ በቀን 40 ሊትር ትፈልጋለች። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በየቀኑ! አንድ ሄክታር ሲሆን ደግሞ 40,000 ሊትር ነው። አሥር አሥር ሺህ ሊትር የሚይዙ አራት ቦቴዎች በየቀኑ መጥተው ያራግፋሉ እንደማለት። በፈረቃ ውኃ የሚኖር ሰው ይህ ቁጥር ወዲያው ይገባዋል።

ታዲያ ያለ መስኖ በጋውን የሚያልፍ ሰብል እንዴት አለ? አፈሩ ሮቶ ስለሆነ ነው። ውኃ ሲመጣ ይሞላል፤ ሲሄድ ከሱ ይቀዳል። አሸዋማ አፈር ትንሽ ባልዲ ነው፤ ያውም ቀዳዳ። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ግን ትልቁ ሮቶ ነው። የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ለወራት ይይዘዋል። የአድኣና የበቾ ገበሬ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ለዚህ ነው፤ ሌላው ሰብል ሊሰበሰብ ሲቃረብ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በቀረው እርጥበት ላይ። ሽምብራው ሥሩን ወደ ታች እየላከ የሮቶውን ታች ይቀዳል። ሽንኩርት ቢሆን ይሞታል። ሥሩ አጭር ነው፤ ቧንቧው ከሮቶው አናት ላይ እንደተገጠመ ማለት ነው። ከታች ውኃ እያለ እሱ ይጠማል።

መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁም ውኃ ከታች ይተናል። ማሳን በገለባ ወይም በሣር መሸፈን የሚመከረው ለዚህ ነው። ጉዝጓዝ ይሉታል፤ ቡና ሲፈላ እንደምንጎዘጉዘው ቄጤማ። ፀሐዩንና ነፋሱን ከአፈሩ ያርቃል። ችግሩ ያንኑ ገለባ ከብቱም ይፈልገዋል።

ታዲያ ይህን ድርቀት የሚፈልገው ማነው?

የጎረቤቴ እናት ይፈልጉታል። በየዓመቱ ግቢያችን ውስጥ በርበሬ ያሰጣሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሰው ይሯሯጣል። ዝናብ መጥቶ ኖሮ ልጆቹ ሁሉ የላስቲክ ጫፍ ይዘው በርበሬ ያነሳሉ። የተረፈው ተረፈ። የራሰው ግን በሁለት ቀን ሻገተ። እሳቸው ያንን ማየት አልቻሉም። የሻገተ በርበሬ ታጥቦ ደርቆ እንኳ ጤናማ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይተዋል።

የጤፍ ገበሬውን የምናስበው በዚህ ዓይን ነው። በእሱ ግን ላስቲኩ ዓመት ሙሉ የለፋበትን ማሳ መሸፈን አለበት። ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል። ነዶው ይሰበሰባል፣ ይከመራል፣ አውድማ ላይ ይወቃል። እነዚህ ሳምንታት ሁሉ ደረቅ ሰማይ ይፈልጋሉ። ያልታጨደው ላይ ሲዘንብ ቀጭኑ አገዳ ይጋሸባል፣ ፍሬው ይረግፋል። ጤፍ ከረገፈ ማን ይለቅመዋል? የታጨደው ላይ ሲዘንብ ነጩ ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወርዳል። ስንዴ ደግሞ ዛላው ላይ እንዳለ ሊበቅል ይችላል፤ ያኔ ዱቄቱ ለዳቦ አይሆንም። ነፋሱም ሥራ አለው። ገበሬው በመንሽ እያዘራ ገለባውን ከምርቱ የሚለየው በዚያው እኛ አቧራ አመጣብን በምንለው የበጋ ነፋስ ነው።

ወደ ጎተራ የሚገባው እህልም ደርቆ መግባት አለበት። ለብዙው እህል እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ ሻጋታውና ነቀዙ ይፈጥናሉ። ይህን ማድረቂያ በነጻ የሚሰጠው በጋ ነው።

ቡናውን ደግሞ በተለየ ላንሳው፤ ሁለት ጊዜ ድርቀት ይፈልጋልና። በመጀመሪያ ቀይ ቡናው ከተለቀመ በኋላ አልጋ ላይ ሲሰጣ። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የቡና ተክል የሚመጣውን ዓመት አበባ እምቡጥ በደረቁ ወራት ይዞ ይተኛል። ድርቀቱ እምቡጦቹን ያቆያቸዋል፤ አንድ ላይ ለመንቃት ያዘጋጃቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲጥል ይነቃሉ። በ10 ቀን ገደማ ጫካው በነጭ አበባ ይሞላል፤ ሽታው ከጃስሚን አይተናነስም። ድርቀቱ በየመሐሉ በካፊያ ከተቆራረጠ ግን አበባውም ይቆራረጣል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ቡና ይቀላቀላል። ለቃሚው ወደ አንድ ዛፍ ደጋግሞ ይመላለሳል። ማንጎም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅዝቃዜና ድርቀት ካልነካው ቅጠሉን እያበዛ አበባውን ይነፍጋል።

መስኖ ካለ አለቀ አይደለም?

አላለቀም፤ ግን ብዙ ነገር ይቀየራል። መስኖ ላለው ሰው በጋ ምርጡ ወቅት ነው። ፀሐይ ሙሉ ነው። ቅጠሉ ሁልጊዜ ስለማይርስ ዋግና ሌላ የፈንገስ በሽታ ይቀንሳል። ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚመረቱት መቂና ባቱ አካባቢ፣ በአዋሽ ዳርም ጭምር፣ በበጋ መስኖ የሆነው ለዚህ ነው። ሽንኩርት ሲደርስ አንገቱ መድረቅ አለበት። በክረምት ጭቃ ውስጥ የደረሰ ሽንኩርት ይበሰብሳል እንጂ አይከርምም። ከክረምት ወደ መስከረም የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እርግጥ በጋም የራሱ ተባይ አለው። ቀይ ሸረሪት የምትባለው ደቃቅ ተባይ ሙቀትና ድርቀት ሲበረታ ነው የምትራባው።

የበጋ መስኖ ስንዴ የሚለውን በዜና ሰምተነዋል። ለምን በበጋ? ቆላው ላይ ስንዴ የሚሆነው በነዚህ ወራት ስለሆነ ነው። ስንዴ ሲያብብና ፍሬ ሲሞላ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይጎዳዋል። አፋር ውስጥ ወረር አካባቢ በኅዳር የተዘራ ስንዴ ቀዝቀዝ ያሉትን ወራት ተጠቅሞ ይደርሳል። የዘገየው ከየካቲትና ከመጋቢት ሙቀት ጋር ይጋጠማል። ሁለት ሦስት ሳምንት ብዙ ለውጥ አላት።

እዚያው አዋሽ ዳር ሌላ ጉዳይ አለ፤ ጨው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ደጋግመን ስናፈላ ታቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። ውኃው ይተናል፣ በውስጡ የነበረው ጨው ይቀራል። ማሳም እንዲሁ ነው። በደረቅ ቆላ ላይ ብዙ ዓመት ያለ በቂ ማፋሰሻ ካጠጡ፣ ጨው ከአፈሩ አናት ላይ ይከማቻል። አሚባራ ውስጥ በዚህ የተነሳ ከእርሻ የወጣ መሬት አለ። ውኃ ማስገቢያ ቦይ ብቻ ሳይሆን ማስወጫም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስታውስ ግን ያንሳል።

ለኛ ለአዲስ አበባዎች ቅርብ የሆነው ደግሞ ሰላጣውና ቆስጣው ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ አትክልት ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ያንኑ የወንዝ ውኃ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል። በጋ ላይ የዝናቡ ውኃ ቀንሶ ከቤትና ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ በበጋ ሰላጣ በጥሬው ከመብላት በፊት በደንብ ማጠብ ለቅንጦት አይደለም። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ተክሉ ከፍሳሹ በሥሩ የሳበውን መርዛማ ብረታ ብረት ግን አያወጣውም።

ወተቱስ?

አጭር ነው። ሣር ሲደርቅ ጉልበት የሚሰጠው ንጥረ ነገሩም አብሮ ይቀንሳል። ላሟ ጭድ ብትጠግብም ወተቷ ያንሳል። ስለዚህ በበጋ ማብቂያ ላይ ሆለታና ሱሉልታ ያለ ወተት አምራች ዓይኑ ጭድ ዋጋ ላይ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ዋጋው ላይ ሁለቱ ይጋፋሉ።

«ከመደበኛ በላይ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በትንበያ ውስጥ እንደዚህ ቃል ያለ አሳሳች የለም። መደበኛ ማለት የ30 ዓመት ልምድ ነው። አሁን የሚሠራበት መነሻ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ሠላሳውን ዓመት ከደረቁ ወደ እርጥቡ ደርድሩት። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ አሥሩ «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በላይ» ናቸው። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ ያለው ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው። ትንበያው «45 በመቶ ከመደበኛ በላይ» ካለ ሚዛኑ ወደዚያ አጋደለ ማለት እንጂ ቃል ገባ ማለት አይደለም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቦታው ይለያል። የአንድ ደጋ ወረዳ የታኅሣሥ መደበኛ 10 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 18 ሚሊሜትር ሲዘንብ «ከመደበኛ በላይ» ነው። መሬቱን እንኳ በቅጡ አያርሰውም። በሁለት ቀን አውድማ ላይ ከወረደ ግን ጤፉን ያበላሻል። ያው 18 ሚሊሜትር ቦረና ላይ ቢሆን ኩሬም አይሞላ። ስለዚህ «ስንት?» ከሚለው በፊት «የት?» እና «መቼ?» ነው የሚጠየቀው። የወቅት ትንበያ ደግሞ «መቼ?» የሚለውን በቀን ለይቶ አይነግርም። የቱ ቀን እንደሚዘንብ የሚናገረው የሦስት ቀንና የአሥር ቀን ትንበያ ነው።

ትንበያው ውስጥ ኤል ኒኞና ላ ኒና የሚሉ ስሞች ይገባሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ከልማዱ ሲሞቅ ኤል ኒኞ፣ ሲቀዘቅዝ ላ ኒና ይባላል። ኤል ኒኞ ብዙውን ጊዜ የኛን ክረምት ያሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያደረገውን እናውቃለን፤ በዓመቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈለገ። በበጋ ግን ፊቱን ያዞራል። ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ከልክ ያለፈ ዝናብ ሊያመጣ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሶማሌ ክልልን ጎርፍ የመታው በኤል ኒኞ ዓመት ነው። ላ ኒና ደግሞ የዚያን ክልል የበጋ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይነፍጋል። «ኤል ኒኞ መጣ፣ ድርቅ ነው» የሚለው ዜና ለዚህ ነው ግማሽ እውነት የሚሆነው።

የዓለም ሙቀት መጨመርም እዚህ ይገባል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ መያዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያ ማለት የበጋው አየር የበለጠ ይጠማል። ዝናቡ ባይቀንስም እንኳ ሮቶው ቶሎ ይጎድላል።

የጎረቤቴ እናት ይህን ሁሉ ሰምተው አንዱን ብቻ ያዙ። አሁን በርበሬ ከማስጣታቸው በፊት የሦስት ቀኑን ትንበያ በስልኬ ያስከፍቱኛል። «የለም፣ አይዘንብም» ስላቸው ደስ ይላቸዋል። ላስቲኩን ግን አጠገባቸው ሳያደርጉ አይቀመጡም።